የአዋላጇ መኪና ስንት ያወጣል?

ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛን» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው እንጂ፣ ያንን የሚያስታውሱት ሚስቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ካልተቆጣች አትጠራውም። ሥራው መኪና ቀለም መቀባት ነው። ፀጉሩ ላይ አንድ ቀለም አይጠፋም፤ ትናንት ሰማያዊ ከነበረ ዛሬ ብርማ ነው። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት ግን ቀለሙ ሳይሆን አፉ ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው «እስቲ መጀመሪያ ሚዛን ይያት» ሳይል እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም።

የሱ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ለሻጩ «ሞተሩን እንዳታሞቀው፣ ቀዝቅዞ ልግኘው» ብሎ አስቀድሞ ይልክበታል። የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው፣ ጠባዩ የሚታወቀው ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት ነው ባይ ነው። ከዚያ በእጁ ጀርባ በሮቹን እየዳሰሰ ይዞራል። በመሀረብ የጠቀለላትን ማግኔት ከኪሱ አውጥቶ ያስጠጋል፤ ማግኔቷ አልያዝ ካለች ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። የጎማውን ጥርስ አይቶ አያበቃም፣ ተንበርክኮ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ዕድሜውንም ያነባል።

በተለይ የስፖርት መኪና አማረኝ የሚል ሰው ሲመጣ ሚዛን ወንበር ስቦ ይቀመጣል። «ስማኝ ወንድሜ» ይላል፣ «ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና በጭንቅላት ነው የሚገዛው። ይሄኛው በልብ ነው የሚገዛው፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እሱ የሚጠራልህ ዋጋ ምኞቱ ነው። አንተ የምትጠይቀው፣ መሰሏ በቅርቡ በስንት ተሸጠች ብለህ ነው። ከዚያ ላይ ጨምር፣ ቀንስ። ባለቤቷ እንዴት ነዳት? ዕቃዋ እዚህ ይገኛል ወይስ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው? ቀለሟ የራሷ ነው?» ሰውየው ሰምቶ ሰምቶ ሊነሳ ሲል ሚዛን ክንዱን ይይዘውና ሕጉን ይነግረዋል። «ልታያት ስትሄድ መኪናዋን የማይወድ ሰው ይዘህ ሂድ። አንተ ወደሃታልና ዓይን የለህም።»

ዋጋውን የሚናገረው ሻጭና ገዢን ፊት ለፊት አቁሞ ነው። በጆሮ ሹክ ማለት የለም። ሻጩ «አሳነስከው!» ገዢው «አበዛኸው!» ብለው ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ካኮረፉ፣ ሚዛን ልኩን እንዳገኘ ያውቃል። ለዚህ ሥራው ከማንም ሰባራ ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው በፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ሥር ነው፤ ዋጋ ጠያቂው ሁሉ የሚጎርፈውም ወደዚያው ክፍል ነው። ሱሪ እያሳጠረች፣ እጅጌ እየገጠመች የሰማችውን ቆጥራ አትጨርሰውም። «ቤቴን ጋራዥ አደረግከው! በህልሜ እንኳ ፍሪሲዮን ነው የሚታየኝ» እያለች ታማርራለች። ሚዛን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቀጥሎ የመጣውን ያስገባል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲስተር መኪናቸውን ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ጋራዡ ደረሰ። ሚዛን የያዘው የቀለም መርጫ እጁ ላይ ቀረ።

ሲስተር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ እሳቸው እጅ ላይ ነው የተወለደው። ሌሎቹ አዋላጆች በታክሲ ሲሄዱ፣ ሲስተር ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት ቢጫ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው። «ምን እንዲህ ያስቸኩልዎታል?» ሲሏቸው፣ «እኔ መች ቸኮልኩ፣ የሚቸኩለው ልጁ ነው» ይሉ ነበር።

ሚዛን ያቺን መኪና የወደደበት ምክንያት አለው፤ ለማንም ግን ተናግሮት አያውቅም። የመጀመሪያ ልጁ ልትወለድ ሚስቱ ምጥ በጠናባት ቀን፣ የሚያደርገው ጠፍቶት ደጅ ወጥቶ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። መንገዱ ጎርፍ ሆኗል። ማን ይመጣልኛል ብሎ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት፣ ከኩርባው ወዲያ የዚያች መኪና ሞተር ሲያጓራ ሰማ። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ድምፅ በጋራዡ ደጅ ባለፈ ቁጥር ሥራውን አቁሞ እስኪርቅ ያዳምጠዋል።

አሁን የሲስተር ጉልበት ደክሟል። መኪናዋ ውስጥ መግባቱንስ ይገባሉ፣ ለመውጣት ግን ሁለት ጎረቤት መጠራት አለበት። ሚዛን ደግሞ ሴት ልጆቹን ድሮ፣ የቤቱን ጣሪያ አሳድሶ፣ ለራሱ ብሎ ያስቀመጣት አራት መቶ ሠላሳ ሺህ አለችው። በዕድሜው ለራሱ ብሎ ያስቀመጠው ይኸው ብቻ ነው።

«ሁለት ወንበር!» አለች ሚስቱ ሲነግራት። «የልጅ ልጆችህን ጣሪያ ላይ ልትጭናቸው ነው?»

«አትወጂያትም ማለት ነው?»

«ምኗን ልውደድ? ሙዝ ነው የምትመስለው።»

«በቃ፣ ነጠላ ጫማሽን ቀይሪና ተነሽ» አለ ሚዛን ደስ ብሎት። «የምፈልገው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው።»

ሲስተር ግቢያቸው ውስጥ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው ጠበቁአቸው። ሰላምታው ሳያልቅ ወደ ጉዳዩ ገቡ። «ስማ ሚዛን፣ ግራ ገብቶኛል። መኪና ነጋዴው መጥቶ ሦስት መቶ ሺህ አለኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ስድስት መቶ ካላመጡ እንዳትሸጫት አለኝ። እኔ የሕፃን ክብደት እንጂ የመኪና ዋጋ አላውቅም። አንተ ቁረጠው፤ ያልከውን እቀበላለሁ።»

«ሲስተር፣ የሚገዛው እኮ እኔ ነኝ» አለ ሚዛን አንገቱን ደፍቶ።

«ብትገዛስ? ሚዛን አይደለህ እንዴ?»

ወይ ጣጣ! ሰውየው እንደዚያ ቀን ተጨንቆ አያውቅም። መኪናዋን ዞረ። በግራ በኩል ያለው በር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ ሲስተር አንድ ጊዜ ከግቢው በር ጋር አጋጭተውት እሱ ራሱ የቀባው በር ነው። ማግኔቷን ከኪሱ አላወጣም። ከጎማዎቹ ጎን የተሰነጣጠቀ ነገር አየ፤ ወዲያው ግን «ይሄን ያሳየኝ ስስቴ ነው፣ አሮጊት ላታልል ነው» ብሎ ዓይኑን አነሳ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጠው ከበደው፤ «እግሬ ነው የደከመው» አለ። እንከን ባገኘ ቁጥር ራሱን እንደ ሌባ እየጠረጠረ አለፈው። ሞተሩን ቀዝቃዛውን ሲያስነሳው ደግሞ ያ ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልታየውም።

ወርዶ ሲስተር ፊት ቆመ። «አምስት መቶ ሺህ» አለ አፉን ሞልቶ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «እኔ ዘንድ ያን ያህል የለም ሲስተር። ግድ የለም፣ ጥሩ ገዢ አፈላልግልዎታለሁ።» ፊቱ አመድ መስሏል። ቢሆንም አላታለልኩም ብሎ ራሱን ለማጽናናት እየሞከረ ነበር።

«አንድ ጊዜ» አለች ሚስቱ።

ከወንበሯ ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች። የእጇን ጀርባ በሩ ላይ አሳረፈች፤ ልክ እንደሱ። «ይሄ በር ተቀብቷል።»

«እኔ እኮ ነኝ የቀባሁት!»

«ማን ቀባው አልኩህ? ተቀብቷል ነው ያልኩት። የሰው መኪና ላይ እንዲህ ያለ በር ስታገኝ ስንት ነው የምትቀንሰው?»

«አሥራ አምስት» አለ ሚዛን።

«የሌላ ቀቢ ሲሆን አሥራ አምስት፣ ያንተ ሲሆን በነፃ? አልጨረስኩም። ጎማው ጎኑ ተሰነጣጥቋል፤ ጥርስ ያለው ሽማግሌ ነው እያልክ አይደለም በሰው የምትስቀው? ሃያ አምስት። ስትረግጠው ያማጥክበት ፍሪሲዮንስ? አሥር።»

«ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው!» ብሎ ጮኸ ሚዛን። «ለሱ መጨመር አለብሽ!»

«ጨምሬያለሁ። ያቺ መሰሏ፣ ጥቁሯ መኪና፣ ባለፈው በአራት መቶ ሃምሳ ነው የተሸጠችው፤ ቤታችን ቁጭ ብለህ አንተው ነህ የፈረድከው። ይቺ ሞተሯ ስለሚሻል ከአራት መቶ ሰባ ነው የጀመርኩት።»

«ሰባ ያንሳታል፣ ሰማንያ በያት!»

ሲስተር እስኪያስላቸው ሳቁ። «ኧረ የሰው ያለህ! ገዢው ዋጋ ጨምሩብኝ ብሎ ሲጮህ ዛሬ ገና አየሁ!» ዓይናቸውን በመሀረባቸው ጠረጉና ዱላቸውን ወደ ሚዛን ቀሰሩ። «ና ወዲህ፣ ቁጭ በል። ይኼን ሁሉ ዘመን ሳዋልድ ኖሬ፣ እኔ ራሴ ምጥ ሲይዘኝ ምን ያደረግሁ ይመስልሃል? ባልደረባዬን አስጠራሁ። ሙያው እጄ ላይ ነው ብዬ ብቻዬን አልተጋደምኩም። አንተም ዛሬ ምጥ ላይ ነህ፣ ዝም በል። አንቺ ልጄ፣ ዋጋውን ንገሪን።»

ሚስትየዋ ሁለቱን ፊት ለፊቷ አደረገቻቸው። «አራት መቶ ሃያ ሺህ» አለች።

ሚዛን በሆዱ ደመረ፣ ቀነሰ። እንደገና ደመረ። መኪናዋ የሌላ ሰው ብትሆን፣ ገዢውም ሌላ ሰው ቢሆን፣ ራሱ የሚናገረው ያንኑ ነበር። «ልክ ነው» አለ።

«ልኩ ላይ ሲደረስ ሁለቱም ያኮርፋሉ አይደል የምትለው?» አሉ ሲስተር። «እኔ ይኸው አኮርፌያለሁ፤ አምስት መቶውን ትንሽ ለምጄው ነበር። አንተስ?»

«እኔ... ይቅርታ ያድርጉልኝ ሲስተር፣ እኔ ማኩረፍ አቃተኝ።»

«ተወው፣ እኔም ሳስመስል ነው። ነጋዴው ወስዶ የት እንደሚጥላት እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር» አሉና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጠው ጣቶቹን አጠፉለት።

ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ወረቀቱ አልቆ መኪናዋን ከግቢው ሲያወጣት ከሰዓት ሆኖ ነበር። ሚስቱ እያጉረመረመች ገባች። «ከዚህ እንዴት ነው የሚወጣው? መሬት ላይ ተቀመጥኩ እኮ!» ሚዛን በዝግታ ነው የሚነዳው።

«ለሰው ሁሉ ስፈርድ ኖሬ» አለ በኋላ፣ «ለኔ የሚፈርድልኝ ሰው እዚያው ቤቴ ውስጥ እየሰፋ እንደተቀመጠ አላወቅኩም። እግዜር ይስጥሽ።»

«መንገዱን እያየህ ንዳ።»

«ሕጌም እውነት ሆነ። መኪናዋን የማይወድ ሰው ባልይዝ ኖሮ ዛሬ ባዶ እጄን ነበር የምመለሰው።»

እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ወደ ሰፈራቸው የሚያስገባው ኩርባ ላይ ደርሰዋል፤ ሚዛን ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ እንደ ጥንቱ አጓራ።

«ማን አልወዳትም አለህ?» አለች ሳታየው። «ያን ቀን አንተ ደጅ ነበርክ። እኔ ውስጥ ሆኜ፣ በቃ ሞቼ ማደሬ ነው ብዬ ልጄን ስሰናበት ነበር። ከዚህች ኩርባ ያ ድምፅ ሲመጣ ነው ነፍሴ የተመለሰችው። ዛሬም ባለፈ ቁጥር ስፌቴን አቁሜ ነው የምሰማው።»

ሚዛን መኪናዋን ዳር ይዞ አቆማት። እሱ ጋራዥ እሷ መስኮቷ ሥር ሆነው ያንኑ ድምፅ ሲያዳምጡ መኖራቸው አንጀቱን በላው። ቢሆንም ሚዛን ሚዛን ነውና አንድ ነገር ከነከነው።

«ከወደድሻት ታዲያ በሩን፣ ጎማውን፣ ያን ሁሉ እንከኗን እንዴት አየሽው?»

«አንተንስ እወድህ የለ?» አለች ቀበቶዋን እያስተካከለች። «ስትሳሳት ዝም ብዬህ አውቃለሁ? ንዳ አሁን፣ የማደርሰው ሱሪ አለብኝ።»