ያረፈደ ሳያስቅ አይገባም

በካፋ ዞን ተማሪን በሰዓቱ ክፍል ማስገባት የሚችል አስተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ፀሐይ እንኳ በጊዜ የምትወጣው እኔን ፈርታ ነበር። ቴክኒክና ሙያ በየከተማው እንደ አሸን በሚፈላበት ዘመን ቦንጋ ውስጥ ብየዳ አስተምር ነበር። ዱላ ስለማልወድ ያወጣሁት ሕግ ቀላል ነው፤ ያረፈደ ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ካላሳቀ አይገባም።

አንድ ጠዋት ከማንኪራ በእግሩ የሚመላለስ ተማሪ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ ደረሰ። የተግባር ፈተናው በማግስቱ ነው፤ ያለን የብየዳ ማሽን አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና አልነካውም።

«ቲቸር፣ ዛሬ ይለፉኝ፤ ተራዬ ነው።»

«መጀመሪያ አስቀን!»

በአማርኛ ጀመረና ተንተባተበ፤ ማንም አልሳቀም። ሌሎቹንም ሥራ አስቁሜ «ድገም!» እያልኩ ገተርኩት። በመጨረሻ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ሆዴን ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ ቀልድ! ግባ!»

ወዲያው የመውጫው ደወል ተደወለ፤ ማሽኑን ሳይነካ ቀረ። ሲወጡ አንዷን ተማሪ ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

አቀርቅራ፣ «ቲቸር፣ ‹እኔን ያስረፈደኝ መንገዱ ነው፤ ሁላችንንም የሚያስረፍዱን ግን እሳቸው ናቸው› ነው ያለው» አለችኝ።

ልጁ በማግስቱ ማሽኑን እንዴት እንደሚይዝ ግራ ገብቶት ፈተናውን ወደቀ። እኔ ቦንጋ ያን ያህል ዓመት ኖሬ በካፊኖኖ ሰላምታ እንኳ አላውቅም ነበር። የሳቅሁት ሌሎቹ ስለሳቁ ብቻ ነው።