የሬናታ ሁለት ገጽ

ልትገባበት ያሰበችው የሕግ ትምህርት ቤት ስለ ራስሽ በሰፋፊ መስመር ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ ጽፈሽ አምጪ ቢላት፣ የወንድሜ ልጅ ሬናታ አራት ጽፋ እኔ ዘንድ መጣች። እኔ ዶሎረስ እዚሁ ቶሌዶ ከተማ ለጠበቆች ስተይብ ነው ያረጀሁት። ገጽ ማሳጠር ካስፈለገ ከእኔ ወዲያ ማንም የለም።

ሬናታ የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ናት። ስልክ ላይ የሚያለቅሰውን ሰው አረጋግታ አድራሻውን ታወጣዋለች፤ ሥራዋ ላይ አንድ ቃል አታባክንም። ስትጽፍ ግን አያድርስ ነው።

"ፊደሉን ትንሽ ባሳንሰውስ፣ አክስቴ?"

"ሞክሪያ። እነሱ መቼም ዓይን የላቸውም" አልኳት። ጠበቆቼም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ዳኛው ሲመልስባቸው የሚጮኹት ግን እኔ ላይ ነው።

ከነጥብ በኋላ ሁለት ጊዜ ክፍተት መርገጥን ከእኔ ነው የወረሰችው። በጽሕፈት መኪና ዘመን ደንቡ ያ ነበር፤ ዛሬ እኔን መሰል አሮጊት ካልሆነ ማንም አያደርገውም። ሁሉንም አንድ አንድ ብናደርገው ያተረፍነው ጥቂት መስመር ሆነ። ቀጥዬ "ከልጅነቴ ጀምሮ ሕግ እወድ ነበር" የሚለውን ሰረዝኩት።

"ውሸታም፤ ልጅ ሳለሽ የምትወጂው ፈረስ ነበር" አልኳት። ሳቀች።

እንዲህ እየቆራረጥን ስለ አባቷ ወደጻፈችው ደረስን። ወንድሜ ሊኦ መጋዘን ይሠራ ነበር። ሬናታ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ዕቃ ሰርቀሃል ብለው አሰሩት። መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ ኮሪደር ላይ ጠብቆ "ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ፤ እከራከራለሁ ካልክ ቀጠሮህ እስኪደርስ ታስረህ ትቆያለህ" አለው። ሊኦ ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከዚያ በኋላ ሌባ የሚለው መዝገብ በሄደበት ሁሉ እየቀደመው፣ ደህና ሥራ ሳይቀምስ ጡረታ ደረሰ። ልጅቷ ጠበቃ ካልሆንኩ ያለችው በዚህ ነው።

ገጽ ተኩል ሙሉ አለመስረቁን ታስረዳለች። ካሜራው ምን እንዳሳየ፣ አብሮት የነበረው ሠራተኛ ምን እንዳለ፣ ዕቃው ኋላ የት እንደተገኘ፣ አንድም አልቀራት።

"ይሄ ይውጣ" አልኩ።

"አይወጣም።"

"ልጄ፣ ልትማሪ ነው የምታመለክቺው ወይስ ይግባኝ ልትጠይቂ?"

"እሱ ከወጣ የሚቀረው ጥፋተኛ ነኝ ማለቱ ብቻ ነው። የሚያነቡት ሁሉ ሌባ ነው ይላሉ። አባቴን ሌባ አስብዬ አልገባም። ቢቀር ይቅር።"

በጣም ተናደድኩ። ማመልከቻው ሰኞ ይዘጋል፤ ይህ ካለፈ ዳግመኛ እንደማትሞክር አውቃታለሁ። ደግሞ እውነቷን ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ሊኦ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ቋሊማውን በጎመን ይበላል። እሱ ዝም አይነቅዝም ባይ ነው፤ ስለዚያ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሹካውን አስቀመጠና "እስቲ አምጪው" አለ። በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

"ይሄን ሁሉ ከየት አገኘሽው?"

"መዝገቡን አስወጥቼ ነው፣ አባዬ።"

"ጎበዝ። ለምን ጥፋተኛ ነኝ እንዳልኩ ግን የለበትም።"

"ጠበቃው አስፈራርቶህ ነዋ።"

"እሱ ምን ያስፈራል፤ ክራቫቱን እንኳ አስተካክሎ ያላሰረ ልጅ ነበር።" አፉን ጠረገ። "እናትሽ ያን ሰሞን ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አክስትሽም ለሥራ ክሊቭላንድ ከተማ ሄዳ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ማን ይወስድሽ ነበር?"

ሬናታ ክው አለች። እኔም ይህን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወንድሜ አንጀቴን በላው፤ ፊቴን አዞርኩ።

"ለእኔ ብለህ ነው ሌባ የተባልከው?" አለችው።

"እንደሱ ብለሽ እንዳትጽፊ። ልጁን ሊወስድ ሄደ በይ፣ በቃ። ሌላውን አውጪው፤ ያላመነ አይመን።"

ገጽ ተኩሉን ራሷ አጠፋችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋችና ቃል በቃል ነገረችኝ፣ እኔ ተየብኩ። "አባቴ ያልሰረቀውን ሰረቅሁ ብሎ ፈረመ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር መጥቶ ወሰደኝ።"

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሊኦ "ይበቃል" አለና ሳህኑን ሊያጥብ ተነሳ። ሬናታ እጁን ያዘችው፤ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችውም።