እስከ ጋሸና መንገዱን የነገረኝ ሰው

መጀመሪያ አንገቴ ነው። ጠዋት ሰሌዳው ላይ ቀን ልጽፍ ቀና ስል አንገቴ እምቢ አለ። አተኛኘቴ ነው ብዬ ናቅሁት። ከሰዓት ራስ ምታት ጀመረኝ፤ ትኩሳትና ትውከት ተከተለ። በማግስቱ ብርሃን ዓይኔን እንደ መርፌ ይወጋኝ ጀመር። የማጅራት ገትር ነበር፤ ሐኪሞቹ ሜኒንጃይቲስ ይሉታል። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ በሽተኛ ቤታቸው ለተኛባቸው ሰዎች ነውና ምልክቶቹን ልብ በሉ። እኔ በንቀቴ ሁለት ቀን አባክኛለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከትልቁ ድርቅ ሁለት ዓመት በፊት። ከጋሸና የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሆነች የላስታ ቀበሌ አስተምር ነበር። ሰኞ ሰኞ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩን የውይይት ክበብ እመራለሁ። "ቁስ አካል ይቀድማል፣ ንቃተ ህሊና ይከተላል" እያልኩ ከተላከልኝ ወረቀት አነባለሁ፤ ገበሬው ያዛጋል። አያ ምስጋናው የሚባሉ፣ ስልሳን የዘለሉ ጎረቤቴ ግን አያዛጉም። አንድ ቀን እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ሰው ሳይኖርም ፀሐይ ትወጣ ነበር ነው የሚሉን?"

"አዎ።"

"ለማን?"

"ለማንም። ትወጣለች፣ በቃ።"

"አይ ልፋቷ!" ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቅሬው ተጠራ። ቅሬ እኛ ዘንድ ለቀብርም ለበሽተኛም የሚሰበሰብ የጎረቤት ማኅበር ነው። ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ፍለጋ በቃሬዛ ይዘውኝ ወደ ጋሸና ወጡ። ባለቤቴ ዘነበች፣ ብርሃን እንዳይወጋኝ ብላ ፊቴን በነጠላዋ ሸፈነችው። ስህተቱ ይህ ነው። በእኛ መንገድ ፊቱ ክፍት ሆኖ በቃሬዛ የሚያልፍ በሽተኛ ነው፤ የተሸፈነ ሬሳ ነው። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሸክሙን እያወረደ ያለቅስልኝ ጀመር። ዘነበች መጀመሪያ "ኧረ አልሞተም" ትል ነበር። በኋላ እሷም ታለቅስ ጀመር።

ሁሉንም ሰማሁ።

ዓይኔ አልገለጥ አለ። እጄ አልታዘዝ አለ። ልጅ ሳለሁ ላሊበላ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱ መሐል ያለውን የጨለማ ዋሻ ግድግዳውን እየዳሰስን እናልፈው ነበር። ይኼኛው ግድግዳም የለው። አንዲት የማላውቃት ሴት "ምን የመሰለ መምህር" እያለች አለቀሰች። አልፈራሁም። አላዘንኩም። ስለ ሌላ ሰው እንደሚወራ አዳመጥኩ።

ቃሬዛውን አወረዱት። አንዱ አፍንጫዬ ላይ እጁን አደረገ። "የለም" አለ። ሌላው "ሬሳ ይዘን ጋሸና ምን እንሠራለን? ሳይመሽ ተመልሰን እንቅበረው" አለ።

የአያ ምስጋናው ድምፅ ጆሮዬ ሥር መጣ። "መምህር፣ ካለህ ጣትህን ነቅነቅ አድርግ።" በክበቡ አንቱ ነበር የሚሉኝ። ጠበቁ። ሞከርኩ። ጣቴ አልተነቃነቀም።

"ይኸው፣ አዩት" አሏቸው።

"ቢኖርስ? እየሰማን ልንቀብረው ነው?"

"እንዴት አድርጎ ይሰማል፣ አያ?"

"እኔ ምን አውቄ። ከሞተም ጋሸና መሬት አለ። በሉ አንሡት።"

ነጠላውን ከአፌ ገፈው ዓይኔ ላይ ብቻ ተዉልኝ። ከዚያ በኋላ አፋቸው አላረፈም፤ ከቃሬዛው ጎን እየሄዱ መንገዱን ነገሩኝ። "አሁን ገብስ መሐል ነን። ቢጫ ሆኗል፤ ለአጨዳ አንድ ሳምንት ቢቀረው ነው። በግራ በኩል አንዲት በቅሎ ቆማለች፤ ባለቤቷን እንጃለት፣ አይታየኝም። አሁን ቁልቁለት ነው፣ ትንገላታለህ፣ ቻለው።" ከተሸካሚዎቹ አንዱ "ለሬሳ ምን ወሬ ያስፈልገዋል?" ሲላቸው "ሬሳ ከሆነ ምን ይቀርብኛል" አሉት።

ገብሱ ሳይነገረኝም ቢጫ ነበር። ዛሬም እንዲያ ነው የማምነው፤ ያስተማርኩትን አልክድም። በቅሎዋም ያለ እኔ ቆማለች። ግን እሳቸው እስኪነግሩኝ ድረስ ለእኔ ምንም አልነበረም፤ እኔም ለራሴ አልነበርኩም። ቢጫ ሲሉኝ፣ ቢጫን የሚያውቅ አንድ ሰው እውስጤ መቅረቱን አወቅሁ። ደስ አላለኝም። አወቅሁ ብቻ።

ጋሸና ወደ ወልድያ የሚወርድ የጭነት መኪና ተገኘ። "ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው፤ ሲጨርስ ትሄዳላችሁ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ሆስፒታል ስነቃ የዘነበች አፍ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሐኪሙ ከጀርባዬ ፈሳሽ ቀድቶ መርምሮ፣ ፔኒሲሊንና ክሎራምፌኒኮል በደም ሥሬ ሲሰጠኝ ሰንብቷል። ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ "አንድ ቀን ብትዘገይ አትተርፍም ነበር። የመስሚያ ነርቭህ ግን ተጎድቷል። አይመለስም።" አነበብኩ። "እሺ" አልኩት።

አገግሜ ቤቴ ስገባ ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ ክፍሌ ለሌላ መምህር ተሰጥቶ እኔ የመዝገብ ሥራ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዘነበች ምግብ ስታቀርብልኝ በላሁ፣ አልጋውን ስታሳየኝ ተኛሁ፣ ፀሐይዋም በየቀኑ ትወጣ ነበር፣ ለማንም። አያ ምስጋናው ማለዳ ማለዳ ይመጣሉ፤ አለመስማቴን እየረሱ ያወራሉ፤ ሲያስታውሱ ያፍራሉ። ፊደል አያውቁም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመጣ ቁጥር "በእርጅናዬ ምን ሊያደርግልኝ" ብለው እርሻ ውስጥ የሚደበቁ ሰው ናቸው።

በዓመቱ፣ አዝመራው ሲደርስ፣ የልጅ ሰሌዳ በብብታቸው ይዘው መጡና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። በተንጋደደ ጽሕፈት "ገብሱ ቢጫ ሆነ" ይላል። ለካ ክረምቱን ሙሉ ከሕፃናት ጋር ቁጭ ብለው ሲማሩ ከርመዋል። ሰሌዳውን አቅፌ አለቀስኩ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ዘነበች አገረሸበት ብላ እየሮጠች መጣች።

ከዓመታት በኋላ አያ ምስጋናው ራሳቸውን ስተው ሦስት ቀን ተኙ። ጆሯቸው ሥር ተቀምጬ የሚታየኝን ነገርኳቸው፤ የራሴን ድምፅ ስለማልሰማ፣ ስጮህ ዘነበች ትከሻዬን ነካ ታደርገኝ ነበር። ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ አረፉ።

ባለ ዕዳቸው ነኝ፤ የዘነበችም፣ የተሸካሚዎቹም፣ የሐኪሙም። ፀሐይ ለማን እንደምትወጣ ዛሬም መልስ የለኝም። ምክሬ ግን አጭር ናት። አንገት ሲደርቅና ብርሃን ሲያስቸግር አትጠብቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በሽተኛችሁ ራሱን ከሳተ ፊቱን አትሸፍኑት። አጠገቡም ቁጭ በሉና ንገሩት። ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። እኔ በጆሮዬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ቃል ሾፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው የሚል ነው፤ እስከ ዛሬ አኑሮኛል።