የአለቆች አበልጅ

የእህቴን ባል ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ከበር ጠባቂው ጀምሮ እስከ መጋዘን ኃላፊው ድረስ ሁሉም «አበልጅ» ነው የሚለው። እሱ ይህንን ከማዕረግ ቆጥሮት አንገቱን ቀና ያደርጋል። እኔ እዚያው የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሶፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለዚህ ሰውየውን ቤትም አየዋለሁ፣ ሥራም አየዋለሁ። ይህንን ለጠላቴም አልመኝም።

ሲቀጠር ቫርኒሽ ቀቢ ነበር። እውነት ለመናገር እጁ ወርቅ ነበር። እሱ የቀባው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለህ ጸጉርህን ማበጠር ትችላለህ። በዚያ እጁ ብቻ ተከብሮ፣ እንጀራውን በልቶ መኖር ይችል ነበር። ግን አንድ ቀን የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ልጃቸውን ክርስትና ሊያስነሱ ሲሉ፣ ክርስትና አባት ይሆናል የተባለው ወንድማቸው መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ቀረ። የእህቴ ባል ለካ ጠረጴዛ ሊያደርስ እቤታቸው ሄዷል። ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ሲተያይ፣ እሱ ከደጅ ብቅ ብሎ «እኔ አለሁ» አለ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እጁን ታጠበ፣ የሥራ አስኪያጁን ሾፌር ኮት ተውሶ ለበሰና ልጁን አነሳ። ብዙም ሳይቆይ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ይዞ ያየው ሰው የለም። ለምን ይይዛል? መንገዱን አግኝቶታል። አዲስ አለቃ በመጣ ቁጥር የአለቃው ሚስት ማርገዝ አለማርገዟን ከሐኪሙ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ወንድ ከተወለደ ራሱ ያነሳል፤ ሴት ከሆነች እህቴን ይልካታል። እህቴ መንገድ ላይ ቢያገኟት የማታውቃቸው ልጆች ክርስትና እናት ናት። የሠራተኛ ልጅ ሲሆን ግን የአበልጅ ወገብ ይታመማል። አብሮት የተቀጠረው አናጺ ለመጀመሪያ ልጁ ክርስትና አባት እንዲሆንለት ሄዶ ቢለምነው፣ «የዚያን ቀን ሌላ ክርስትና አለብኝ» አለው። አናጺው እኮ ቀኑን ገና አልነገረውም።

ሳሎኑ ውስጥ የክርስትና ልጆቹ ፎቶግራፍ በመስታወት ክፈፍ ተደርድሯል። እንግዳ ሲመጣ በጣቱ እየጠቆመ የአባቶቻቸውን ሹመት ይናገራል፤ የልጆቹን ስም ስትጠይቀው ወደ እህቴ ዞር ይላል። የገዛ ልጁ ፎቶ መኝታ ቤት የቁም ሳጥን በር ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፈችውም እናቷ ናት።

ይቺ ልጅ ናት እንግዲህ የወለደችው። የሙአለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ምጡ ሲመጣ ባሏ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። እህቴ ደጅ ወጥታ ብትጣራ፣ ጎረቤታቸው መስታወት ቆራጩ ከመኪናው ላይ ለደንበኛ የጫነውን መስታወት ሁሉ አውርዶ ግድግዳ ላይ አስደገፈና ልጅቷን ወደ ሆስፒታል ይዟት በረረ። ባሏ እስኪመጣ ድረስም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ሲመለስ ከመስታወቶቹ መሃል የተሰበረ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። ባልና ሚስቱ ከሆስፒታል ሳይወጡ ነው የልጃችን ክርስትና አባት አንተ ነህ ያሉት። አለቀሰ ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

አያትየው የት ነበር? አዲሱን ሥራ አስኪያጅ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሸኝ ሄዶ ነበር። ማንም ሸኘኝ አላለውም።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ተሰብስበን ሳለ አበልጅ ጉሮሮውን ጠረገና ለክርስትናው ሥራ አስኪያጁን እንደጋበዘ፣ ልጁን የሚያነሱትም እሳቸው እንደሆኑ ነገረን። እሳቸው ሲል ደግሞ አፉ ማር የላሰ ይመስላል። ሰውየው እኮ ገና ወጣት ነው፤ ልጁ ሊሆን ይችላል። አማቹ ሹካውን አስቀመጠ። የእህቴ ልጅ በእርጋታ ለመስታወት ቆራጩ እንደነገሩት አስረዳችው።

«መስታወት ቆራጭ ለልጄ ልጅ ምን ይፈይድለታል?» አለ።

«ልጄን ከአለቃህ ጋር ላዛምድልህ አይደለም የወለድኩት፣ አባዬ» አለችው። «አንተ አያቱ ነህ። ይሄ አይበቃህም?»

«አያትማ ማንም ይሆናል» አለና ሩዝ ጨመረ።

እህቴ አንገቷን ደፋች። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ ልጁን የሚያነሳው መስታወት ቆራጩ ነው፣ ነገሩ አልቋል አለች። አበልጅ ዝም አለ። ተስማማ ብለን እፎይ አልን። የሱን ዝምታ ከእሺታ መቁጠራችን የኛ ሞኝነት ነው።

ቀኑ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሌሎችም ሕፃን ያቀፉ ቤተሰቦች ተራ ይጠብቃሉ። አበልጅ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶ ጠጥቶ የመጣ ይመስላል። ተራችን ሲደርስ ቄሱን ጠጋ ብሎ አንድ ትልቅ ሰው ስለምንጠብቅ ሌሎቹ ይቅደሙ አላቸው። ሌሎቹ ቀደሙ። ድንቡሼ የምንለው ልጃችን ርቦት መነጫነጭ ጀመረ። እናቱ ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባትም፤ ቄሱ ናቸው ያዘገዩት ብላ ነበር። መስታወት ቆራጩ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የቆሰለ አውራ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎ ቆሟል። አበልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሂድና በር ላይ ቆመህ የሥራ አስኪያጁን መኪና አስገባ ብሎ ላከው። የልጁን ክርስትና አባት! ያም ጨዋ ነውና ሄዶ አስገባ።

ሥራ አስኪያጁ በወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ እየሳቀ መጣ። አበልጅ ልጁን ከእህቴ ጉያ መንጭቆ ወሰደና ደረቱ ላይ አስጠጋለት። ሰውየው ሊያሳየው መስሎት ልጁን አይቶ ያምራል አለ።

«ይያዙት እንጂ» አለ አበልጅ፤ «ቄሱ እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

«ለምን ይጠብቁኛል?»

«እርስዎ ነዎት የሚያነሱት። ሰርፕራይዝ ላድርግዎት ብዬ ነው።»

ይህን ሲል ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሁላችንም ሰማን። የእህቴ ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ። ሥራ አስኪያጁ ልጁን አየ፣ እሷን አየ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከበር የተመለሰውን ሰው አየ። ነገሩ ወዲያው የገባው ይመስለኛል። መጀመሪያ የተናገረው ለእሷ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ እኔ የተጠራሁት እንደ እንግዳ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አበልጅ ዞረ። «ፋብሪካው ውስጥ አበልጅ ሲሉዎት ስምዎ መስሎኝ ነበር።»

ስድብ አልነበረም። ቢሆን ይሻል ነበር። ሰውየው ስጦታውን ለእናትየው ሰጠ፣ ልጁ እንዲያድግ መረቀ፣ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አበልጅ ልጁን እንደ ዕቃ እህቴ እጅ ላይ ጣለና ጌታዬ፣ ጌታዬ እያለ ተከተለው።

እህቴ ከተዳረች ጀምሮ ባሏን ሳታስፈቅድ መጋረጃ እንኳ ቀይራ አታውቅም። የዚያን ቀን ግን ወደ በሩ ዞር ብላ አላየችም። በቀጥታ ሄዳ ልጁን ለመስታወት ቆራጩ አሳቀፈችውና «በሉ አባ፣ ይጀምሩልን» አለቻቸው።

ቄሱ ማጥመቂያው ቤት አስገብተውን ጀመሩ። ሰውየው ዕድሜውን ሁሉ የሚሰበር ነገር ሲሸከም የኖረ ነውና አያያዙን ያውቅበታል፤ ልጁም እጁ ላይ ዝም አለ። ውሃው ራሱ ላይ ሲወርድ ድንቡሼ ዓይኑን አፈጠጠ፣ አነጠሰ፣ ከዚያ ድድ ብቻ በሆነ አፉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። የእህቴ ልጅ ባሏ ትከሻ ላይ ተደግፋ እንባዋን ጠረገች። እኔ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየሁ። አበልጅ የመኪናው መስኮት ላይ አጎንብሷል። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን መስኮቱ ላይ እንዳደረገ አብሮ ይራመዳል። የልጅ ልጁ ክርስትና ሲነሳ የመኪና ጎማ እየተከተለ ነበር።

ምሳው እህቴ ቤት ነበር። ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን ከጎረቤት ወንበር ተውሰናል። የአውቶቡስ ሾፌሮቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ ከፋብሪካውም እነ አናጺው መጥተዋል። ዶሮ ጥብስ አለ፣ ሩዝ አለ፣ አስተማሪዎቹ ያሠሩት ኬክ አለ። ሕፃኑ ከጭን ወደ ጭን ይዞራል። ቤቱ በደንብ ከሞቀና ሰው መሳቅ ከጀመረ በኋላ አበልጅ ገባ። የት ቆየህ ያለው የለም። ከሁሉም ከፍ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በላ። ከዚያ ብርጭቆ ይዞ ተነሳ።

ዓይን አውጣ ሰው አይቻለሁ፤ እንደሱ ያለ ግን አላየሁም። ሥራ አስኪያጁ አስቸኳይ ስልክ ተደውሎላቸው እንደሄዱ፣ ሲሄዱም ልጁን እንደ ልጃቸው እንደሚያዩት እንደነገሩት አወራ። ሰዉ ሳህኑን እያየ ዝም አለ። ዝምታው አድናቆት መሰለው መሰለኝ፣ ቀጠለ።

«ውሃው ሲነካው እንዴት እንደጮኸ ሰማችሁት? ያ ድምፅ የኔ ነው። እኔም አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ» አለ።

የእህቴ ልጅ ኬኩን ልትቆርስ ቢላ ይዛ ነበር።

«አላለቀሰም፣ አባዬ» አለች።

«እ?»

«አነጠሰ። ከዚያ ሳቀ። አንተ መኪናው ጋ ነበርክ።»

አልጮኸችም። የልጁ ጡጦ ሞቋል እንደማለት ነው የተናገረችው። ከሾፌሮቹ አንዱ ትን አለው። አናጺው ኮርኒሱን ማጥናት ያዘ። አበልጅ ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔም አንዳንዴ ሞኝ ነኝ።

«ያው ነው» አለና ቁጭ አለ። ጨው አቀብሉኝ አለ።

እሷ ኬኩን ቆረሰችና የመጀመሪያውን ቁራሽ ለመስታወት ቆራጩ ሰጠች። ጨዋታው ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ያለ እሱ።

ሥራ አስኪያጁ ከዚያ በኋላ ክፉ አላደረገበትም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ባገኘው ቁጥር አቶ ብሎ በሙሉ ስሙ ይጠራው ጀመር። ሠራተኞቹ ስሙን ያኔ ነው ያወቁት። አበልጅ ግን ሲሰማ እንደተሰደበ ሰው ጆሮው ይቀላ ነበር።

የእህቴ ልጅ አባቷን ከቤቷ አልከለከለችም። እኔ ብሆን እከለክለው ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል። መስታወት ቆራጩ በሩን ሲያንኳኳ ድንቡሼ በዳዴ እየሮጠ ይቀበለዋል። አያቱ ሲመጣ የያዘውን አሻንጉሊት አይለቅም። አንድ ቀን ሌሎቻችን ወጥ ቤት ሆነን ሁለቱ ሳሎን ብቻቸውን ቀሩ። አጮልቄ ባይ ልጁ ክራቫቱን ይዞ ያኝካል፣ አበልጅ ጀርባውን አቅንቶ እንደ ቢሮ እንግዳ ተቀምጧል። ሹመት ከሌለው ሰው ጋር ምን እንደሚወራ አያውቅማ። ብዙ ካሰበ በኋላ «አባትህ ደህና ናቸው?» ሲለው ሰማሁ። አባትየው ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። ሳቄም መጣ፣ ሌላ ነገርም መጣ። ሳቁን ብቻ ወሰድኩ።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ ተዛውሮ ሴት ተሾመችብን። ልጆቿ አድገው ጨርሰዋል፤ የልጅ ልጅም የላትም። አበልጅ ምድር ተከፍታ የምትውጠው መስሎት ሰነበተ። ባለፈው የቢሮዋን ሶፋ ልብስ እየሰፋሁ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከእሷ ጋር ስለምነጋገር፣ ትልቁ ልጇ ሊያገባ ነው ሲባል ሰምቼ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ቢያገባስ አንተን ምን አገባህ?» አልኩት።

«አይ፣ ሚዜ ካልሞላላቸው ብዬ ነው» አለ። ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ሰውዬ ነው።

ስፌት ማሽኑን ረገጥሁት፤ የሚቀጥለውን ወሬ ከጩኸቱ የተነሳ አልሰማሁም።