የዓሣው መንቁር የት ገባ?

አክስቴ ዋ ሳሪፋ ዕድሜዋን ሙሉ በቡቶን ደሴት ገበያ ዓሣ ስትቆርጥ ኖራለች። ዐይኗ ደንበኛዋ ላይ ሆኖ እጇ ይቆርጣል። ምላሷም ያው ቢላዋ ነው።

አንድ ማለዳ ባሏ ላ ሙንዱ ከባሕር ሲመለስ፣ በቀኝ ዐይኑ ጥግ ጭረት የምታህል ቁስል ይዞ መጣ። ሌሊት በመብራት ሲያጠምድ መርፌ ዓሣ የሚባለው ቀጭን ዓሣ ከውኃው ተወርውሮ ፊቱን መትቶት፣ ጀልባው ውስጥ ወድቆ ሞቷል።

“ዓሣ ሳመኝ” አላት እየሳቀ። “እንዳትቀኚ።”

“ዕውር ዓሣ መሆን አለበት!”

ራሱን ትንሽ እንዳመመው ነግሯት ጋደም አለ። እሷም ያንኑ ዓሣ ለምሳ ልትሠራው ጣውላዋ ላይ አጋደመችው። ወዲያው እጇ ቀጥ አለ። እጇ ሥራ ላይ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር።

የመርፌ ዓሣ መንቁር ረጅም ነው። የዚህኛው ከሥሩ ጥቂት አልፎ ተሰብሯል።

“ስባሪውን ጀልባው ውስጥ ፈልግ!” ብላ ጮኸችብኝ።

መረቡን አራገፍኩ፤ የጀልባውን ወለል ዳበስኩ። የለም። ተመልሼ ስነግራት ሁለታችንም ወደ ተኛው ሰው ዞርን። በዚያች ጭረት ገብቶ ይሆን? ሰው ይህን በራሱ ውስጥ ይዞ ይስቃል?

ላ ሙንዱ ዐይኑን ሊያሽ እጁን ሲያነሣ አንጓውን ያዘችው። “ብትነካው ቆርጬ ነው የምጥልልህ!”

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አልነካካችም። ዐይኑን ምንም እንዳይጫነው ግማሽ የኮኮናት ቅርፊት ደፍታ አሰረችለትና በጀልባ ወደ ከተማ ላከችን። አክስቴ ዓሣውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር።

ሆስፒታል የጭንቅላቱን የራጅ ምስል አሳዩን። መንቁሩ በዐይኑ ጎን አልፎ፣ አጥንቱን በስቶ አንጎሉ ውስጥ ገብቷል።

“እዚህ ጋ ትልቅ ደም ሥር አለ” አለ ሐኪሙ። “ራስ ቅሉን ከፍተን፣ እያየን ነው የምናወጣው። ስባሪ ከቀረበት ግን ይመግላል።”

አክስቴ ጥቅልሉን ፈትታ ዓሣውን ዘረጋችለት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ሦስት ስባሪዎች በሳህን ይዞ ወጣ። ከዓሣው ጋር ገጣጠማቸው፤ እስከ ሹሏ ጫፍ አንድም አልጎደለም። እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱ ጀርሙን እስኪያጠፋ፣ ላ ሙንዱም እስኪነቃ መጠበቅ ነበረብን።

በማግሥቱ ግራ ዐይኑን ገለጠ። ቀኙ ገና በፋሻ ተሸፍኗል።

“እኔ ማን ነኝ?” አለችው። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ቅናተኛዋ።”

ያቺ ምላሰኛ የማያርፈውን እጇን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።