ጠበል የነካው ሞተር

ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት፣ ማይንሰር ላንድሽትራሰ ጎዳና ላይ ትራም ስጠብቅ ከኋላዬ የስምንት ሲሊንደር ሞተር ድምፅ ሰማሁ። ገና ዞር ሳልል ሁለት ነገር አወቅሁ፤ መኪናዋ ያረጀች አሜሪካ ሠራሽ ናት፣ ባለቤቷ ደግሞ ነዳጅ አብዝቶባታል። ዞሬ ሳይ ሁለቱንም አልሳትኩም። አጠገቤ የቆመችው ወጣት ጭሱን ሸሽታ ፊቷን አዞረች፤ እኔ ግን እንደ ሽቶ ሳብኩት። በዚህ መሃል ትራሙ አመለጠኝ።

ስለ መኪና ሲሆን ጉራዬን አልደብቅም፤ በላቤ ያገኘሁት ጉራ ነው። በአውሮፓውያኑ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ፍራንክፈርት ዙሪያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጭነው የማይወስዱትን ይሸጡ ነበር። አንዱ ጣሪያዋ የሚከፈት ሙስታንግ በርካሽ ለቀቀልኝ። የረከሰችውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ክረምት ክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወለሏን በልቶት፣ ከሹፌሩ እግር ሥር አስፋልቱ ይታይ ነበር። የጣሪያዋ ሸራም ተተርትሯል። እኔ ያኔ አውስቢልዱንጌን፣ የመካኒክነት ሥልጠናዬን ማለቴ ነው፣ ልጨርስ የተቃረብኩ ኮረዳ ነበርኩ። በጋሉስ ሰፈር ከምንኖርበት ሕንጻ ጓሮ ወዳለችው የአባቴ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ አስጎትቼ አስገባኋት።

አባቴ መኪና የሚጠላ ሰው አልነበረም። ወጣትነቱን የፈጀው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ፣ ሲበላሽም ከሥሩ ተኝቶ ሲጠግን ነው። የጠላው የእኔን እጅ መጥቆር ነበር። እሱ ካንዴላ የሚለውን እኔ በጀርመንኛ ዙንድኬርሰ እያልኩ ስንከራከር ደስ የሚለው ይመስላል፤ ወዲያው ግን ፊቱ ይጠቁራል።

«እኔ ከግራሶ የወጣሁት አንቺ እንድትገቢበት ነው?» አለኝ አንድ ቀን።

«ገብቻለሁ እኮ አባባ። አሁን የቀረኝ መጨረስ ነው» አልኩት።

አባቴ ተናዶ ከመጮህ ይልቅ መዋዋል የሚወድ ሰው ነው። ውላችን ይህ ነበር፦ መኪናዋ በመጀመሪያው የቴክኒክ ምርመራ ካለፈች የእኔ ናት፤ ሙያዬንም ዳግመኛ አያነሳብኝም። ከወደቀች፣ ወይም ከቀጠሮዋ ከቀረች፣ ሁለት ጊዜ መጥቶ ላያት ነጋዴ እሸጣታለሁ፤ እጄንም ታጥቤ ቢሮ ሥራ እፈልጋለሁ። እሺ አልኩ። ምን አስፈራኝ!

ክረምቱን በሙሉ በየቅዳሜው ቆርጬ ጣልኩ፣ በየድኩ፣ ሞረድኩ። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው መፍቻ ሲያመልጠኝ፣ እናቴ ከመስኮት ጠርታ የምስር ሳንቡሳ ትሰጠኝ ነበር፤ ሁዳዴ ስለገባ በቤታችን ሌላ ሳንቡሳ አልነበረም። ሸራውን ራሴ ሰፋሁት። የቀጠሮው ዋዜማ ሞተሯ በአንድ ቁልፍ ተነስታ ጓሮውን አናወጠችው። በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ ጠዋት ቁልፉን አዞርኩ። ትሽከረከራለች፣ ትንፈራገጣለች፣ አትነሳም። ደገምኩ፤ አሁንም ያው ነው። ኮፈኑን ስከፍት እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ክፍል ውሃ ጠጥቷል፤ ገመዶቹ ላይ ጠብታው ያብለጨልጫል። ቀና ስል አባቴ በጋራዡ በር ቆሟል። ከማለዳ ጸሎት ተመልሶ ገና ልብሱን አልለወጠም፤ ነጠላው ከኮቱ በላይ ነው፣ ከኪሱ ክዳን የሌለው ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቅ ብሏል። እሑድ እሑድ ጠበል የሚያመጣበትን ጠርሙስ ማን ያጣዋል?

 ክረምቱን ሙሉ ሲቃወመኝ የኖረው ሰው ተደብቆ መኪናዬን ሊባርክ ገብቶ ነበር።

የሕንጻው ሀውስማይስተር፣ ጽዳቱንና ጥገናውን የሚከታተለው ሰው፣ መጥረጊያውን ይዞ መጣና ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን አስገባ። «ማነው ሞተር ላይ ውሃ የደፋው?» አለ በጀርመንኛ፣ ጓሮው እስኪያስተጋባ።

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ጤዛ ነው» አልኩ።

«ጋራዥ ውስጥ ጤዛ?»

«አዎ፤ የመጋቢት ጤዛ የማይገባበት የለም!»

ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ ወደ መጥረጉ ተመለሰ። እኔ ሮጬ ወደ ቤት ወጣሁ፣ የእናቴን ፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ፣ የማድረቂያውን ገመድ ከምድር ቤቱ መስኮት አስቀጠልኩ። የማከፋፈያውን ክዳን ፈትቼ ጠረግሁ፣ አደረቅሁ፣ ገጠምኩ። ሥራዬን አውቃለሁ። አባቴ ገመዱን ውሃው እንዳይነካው ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ቆመ። ቁልፉን ሳዞር ተነሳች። እናቴ ከመስኮት እልል አለች፤ አባቴ አማተበና ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ።

ቀጠሮው ሊያልፈን ሲል ደረስን። መርማሪው ከሥሯ ገብቶ አዲሱን ወለል በመዶሻ ዳር ዳሩን ሲቀጠቅጥ ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ብየዳዬ አላሳፈረኝም። ወጥቶ እጁን እየጠረገ፣ «ይህን ማን በየደው?» ብሎ ጠየቀ፤ ዓይኑ ግን አባቴ ላይ ነበር።

አባቴ ያለችውን ጀርመንኛ ሁሉ አሰባሰበ። «ማይነ ቶኽተር» አለ። ልጄ። ሰውየው ያልሰማ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ደገመለት።

አለፈች። በዚያ ብርድ ጣሪያዋን ከፍተን፣ አባቴ ባርኔጣውን በአንድ እጁ፣ ነጠላውን በሌላው ይዞ፣ የጎማ ሱቆቹንና የዳቦ ቤቶቹን ሽታ እየቀዘፍን ጋሉስ ገባን። ከዚያ በኋላ ስለ ሙያዬ ክፉ አልወጣውም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን ላገኘው ሁሉ፣ «ሞተሩን ጠበሉ ነው ያስነሳው» እያለ ሲያወራ ኖረ። መኪናው የሰነፈበት ሁሉ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን ይጠይቅ ጀመር። ራሴን ችዬ ጋራዥ ስከፍት ደንበኛ አላጣሁም። እኔም አላረምኩትም፤ ያ ጠዋት ለእሱ እንደዚያ ሆኖ ቢቀር ምን ይጎዳኛል?

ትራሙ ባመለጠኝ ማግስት አባቴ አሁን ወደሚኖርበት ኒድ ሰፈር ሄጄ በዚያችው ሙስታንግ አወጣሁት። ዛሬ እግሩ ደክሟል፤ ጆሮው ግን ሞተር ይለያል። ኒዳ ወንዝ ዳር አቁመን ቼሪ ስንበላ፣ «ያን ጠዋት ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለኝ ድንገት። «በጣቴ ነክቼ ልወጣ ነበር፤ ጠርሙሱ ከእጄ አመለጠኝ። ውሃና እሳት እንደማይስማሙ ለሹፌር ይነገረዋል? በሰው ፊት ስላላዋረድሽኝ ነው ዝም ያልኩት።»

«ታዲያ አባባ፣ ለሰው ሁሉ ጠበሉ አስነሳት ሲሉ የኖሩት ለምንድን ነው?»

«ምኑ ውሸት ነው?» አለ፤ የቼሪ ፍሬውን ተፍቶ። «ያ ውሃ ባይፈስ ጠዋት ተነስተሽ በሄድሽ፣ እኔም ቤቴ በቀረሁ ነበር። ልጄ ከእኔ የተሻለች መካኒክ መሆኗን መቼ አየው ነበር?»

 የቀረውን ቼሪ አቀበልኩትና ሞተሩን አስነሳሁ።