«ጦም ያደረ» ብዬ የመዘገብኩት የግብጦ ማሳ

ቢቸና እርሻ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው ሦስት ነገር ሰጡኝ፤ የመለኪያ ገመድ፣ መዝገብና አንድ ጆንያ ዳፕ ማዳበሪያ። ዘመኑ ደርግ መሬቱን ለገበሬ ማኅበራት ያስረከበበት ነበር። «የት ነው የተማርከው?» አሉኝ። «ፊደል ከቄስ፣ የቀረውን ከራሴ» አልኳቸው። ሳቁ። በዓመቱ ከኮሌጅ ለመጡት ልጆች «አፈር ለመለየት እሱን ይዛችሁ ውጡ» የሚሉት እኚሁ ሰው ነበሩ።

ራሴን ማመስገን አልፈራም። የቢቸናን ጥቁር አፈር እንደ እኔ የሚያውቅ የመሥሪያ ቤት ሰው አልነበረም። በጣቴ አሽቼ ውሃው ስንት ቀን ተኝቶበት እንደሚቆይ እናገር ነበር። ማጠንፈፊያው ቦይ በምን ያህል ርቀት እንደሚወጣ፣ ሽንብራ በየትኛው ሳምንት እንደሚዘራ፣ ጓያ የትኛውን ማሳ እንደሚወድ በቃሌ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ማሳ ዳር ተቀምጬ መመሪያ እያገላበጥኩ ለብቻዬ የደረስኩበት ነው።

በዚህ ስሜ የተነሳ ሞጣ አውራጃ የልማት ጣቢያ ኃላፊ ሆኜ ተዛወርኩ። እኔ የተመደብኩበት አካባቢ አፈሩ ቀይ ነው። በቀይ አፈር ላይ አንድም ክረምት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ክረምቱ ሳይወጣ የመሬት ምዝገባ ታዘዘ። ቅጹ አራት ዓምድ ነበረው፤ የባለይዞታው ስም፣ የማሳው ስፋት፣ የተዘራው ሰብልና «ጦም ያደረ»። በሰብሉ ዓምድ የሚገቡት ሰብሎች ከቅጹ ጋር በተያያዘ ዝርዝር ተጽፈዋል። ዝናብ እየመታኝ ማሳ ለማሳ ዞርኩ።

አንድ ቀን አያ ምኒችል ማሳ ደረስኩ። አያ ምኒችል ወጣትነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ፣ በኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲያናግሩ ግማሹን በቀልድ ነው። ማሳው ሣር ወርሶታል። በሣሩ መሃል የማላውቀው ቡቃያ እዚህም እዚያም ብቅ ብሏል።

«አያ ምኒችል፣ ይህ ማሳ ምነው ሳይታረስ ቀረ?»

«አንዴ ጫር አድርጌ ግብጦ በትኜበታለሁ። ይበቃዋል።»

«አይታረምም?»

«አንተን ምሳ እየበላህ ሰው ቢነካካህ ትወዳለህ?»

«ምሳ የሚበላው ማን ነው?»

«መሬቱ ነዋ ልጄ። ሁለት ዓመት ጤፍ አበላን፤ ዘንድሮ ተራው የእሱ ነው። ከርሞ ስንዴ ስዘራበት ናና እይ። ዳፕህንም አልሻማህም።»

ቢቸና ሳለሁ ግብጦን የማውቀው በአረቄ ቤት ነው። ቆልተው፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ዘፍዝፈው፣ ምሬቱ ሲለቀው ለጠጪ በስኒ ይሸጡታል። ጥቁር አፈር ስለማይስማማው ማሳ ላይ አይቼው አላውቅም። ዝርዝሩን ተመለከትኩ፤ ግብጦ የለበትም። ሽማግሌውን እንደገና መጠየቅ ደግሞ ኃላፊነቴን የሚያሳንስ መሰለኝ። እሳቸው መሬቱ ምሳ እየበላ ነው አሉኝ፤ እኔ «ጦም ያደረ» ብዬ ጻፍኩ።

የአውራጃው አለቃዬ ጓድ ተሾመ ቅጹን አገላብጦ «ከየጣቢያው ከመጣው ሁሉ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ያንተ ብቻ ነው» አለኝ። ሌሎቹንም ጠርቶ አሳያቸው። ደስታዬን አልደብቅም፤ ለብዙ ቀን ሞጣ ከተማ ላይ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ኅዳር ላይ ግብጦው ነጭ አበባ አወጣ። በዚያው ሰሞን አንድ ተክል ነቅዬ ሥሩን አየሁት። እንደ ሽንብራ ሥር እባጭ እባጭ ይዟል። ያ እባጭ አፈሩን እንደ ማዳበሪያ እንደሚያዳብር ከመመሪያው አንብቤያለሁ፤ ለገበሬም አስተምሬያለሁ። የጻፍኩት ስህተት መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ።

በሳምንቱ በገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ጦም ያደረ መሬት በጋራ ለሚያርሰው የአምራቾች ማኅበር ይሰጣል ተባለ። ጓድ ተሾመ ከእኔ ቅጽ ላይ ስም ማንበብ ጀመረ። የአያ ምኒችል ስም ሲጠራ ተነሡ።

«የእኔ መሬት ጦም ያደረው በየትኛው ሱባዔ ነው? ጠግቦ አበባ እያገሳ ነው እኮ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። ወደ እኔ ዞሩና «ይህ ልጅ አይቷል። ንገራቸው እንጂ ልጄ» አሉ።

ጓድ ተሾመም ወደ እኔ ዞረ። «መዝገቡ ስህተት አለበት?»

በሰው ሁሉ ፊት ያስመሰገነኝን ቅጽ በሰው ሁሉ ፊት ማፍረስ ከበደኝ። «የለበትም» አልኩ።

ስብሰባው ሲበተን አያ ምኒችል በአጠገቤ አለፉ። «እንግዲህ ደህና ይዋሉ» አሉኝ። እስከዚያ ቀን «አንተ» እና «ልጄ» ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አንቱ አሉኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ ክብር ነበር።

አምራች ማኅበሩ ግብጦውን አጭዶ ዳር ላይ ከመረው። ሥሩ ግን አፈሩ ውስጥ ቀረ። በክረምቱ በዳፕ ስንዴ ዘራንበት፤ አዝመራው ያማረ ሆነ። ጎብኚዎች መጡ፤ ማዳበሪያው ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ከርሞም ስንዴ፣ በሦስተኛውም ስንዴ ደገምንበት። በሦስተኛው ዓመት ዳፑ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ደረሰ። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቀረ። አፈሩ እንደ ሸክላ ደረቀ።

ጓድ ተሾመ ቢሮ ገብቼ «ማሳው ግብጦ ይዘራበት» አልኩት።

«ጦም ያደረ ብለህ የጻፍከውን?» አለኝ። ቆይቶ ግን ፈቀደ።

ዘር ፍለጋ አያ ምኒችል ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«የግብጦ ዘር ፈልጌ ነበር።»

«ሰብል ሆነ እንዴ?» አሉኝ።

ያመጣሁትን ባዶ ጆንያ ዘረጋሁላቸው።

«መሬቱ ይመለስልኝ ይሆናል ብዬ ዘሩን እስከ አምና አቆየሁት» አሉ። «ያለ መሬት ዘር ምን ያደርጋል፤ ዘንድሮ ወንዝ አውርደን ዘፈዘፍነው። የቀረው ይኸው፤ ይቅመሱ።» በሳህን አቀረቡልኝ። ቀመስኩት። ምሬቱ ጨርሶ ለቆታል። የተቆላና የተዘፈዘፈ ግብጦ ደግሞ አይበቅልም። ይቅርታ ለማለት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላገኝም ነበር፤ እኔ ግን አመስግኜ ብቻ ወጣሁ።

ከሩቅ ገበያ ዘር አስመጣሁ። ማሳው እስኪያገግም ዓመታት ወሰደበት። አምራች ማኅበሩ ፈርሶ መሬቱ ለባለቤቶቹ ሲመለስ አያ ምኒችል በሕይወት አልነበሩም። ማሳውን ልጃቸው ታርሰዋለች ይሉኛል፤ በየሦስት ዓመቱም ግብጦ ትበትንበታለች። እዚያ ሄጄ አላውቅም።

በልማት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ቅጹ ስም ያላወጣለት ነገር ስታገኙ በሌላ ስም አትመዝግቡት። ባለማሳው ያለውን ቃል እንዳለ ጀርባው ላይ ጻፉት። የቅጽ ጀርባ ባዶ ነው።